አንዲት ቃል፣ ሙሐረቅ

አርብ ማታ፣ ሙሐረቅ፣ ከኮልድ ስቶሩ ደጃፍ፣
ካርቶን አንጥፈን ተቀምጠን፣ ላባችን ሲንጠፋጠፍ፣
አየሩ እንደ ረጠበ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጥፎ፣
የወደቡ የዓሣ ሽታ ከናፍጣው ጋር ተቃቅፎ፣
ወሬ።

ሐይረዲን ነው የሚከፍተው፤ ዜና ሳይዝ አይመጣም፤
ያንን ሳይነግረን ደግሞ ቁጭ አይልም፣ ውሃ አይጠጣም።
"ሽንኩርት ኪሎው ስንት ገባ? ገምቱ እስቲ" ይለናል፤
እንገምታለን፤ እውነቱን ነግሮ በእጥፉ ያሳፍረናል።
"ሽንኩርቱን ተወው" አለች ነጂባ፣ "ምንዛሪውን ንገረኝ።
ወንድሜ 'ለባጃጅ' ብሎኝ ያን ሁሉ ብር ልኬለት ነበር፤
ባጃጅም የለ፣ ብሩም የለ፤ ሚስት ግን አለች፤ ነፍሰ ጡር።"

ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ታሪክ መጣ፤ ማንም ሳይጠራው ነው የሚመጣ፣
እንደዚያች ግራጫ ድመት፣ ዓሣ ሲሸታት ከመኪና ሥር እንደምትወጣ።
ቶሌራ ከነቀምት ያያቱን መሬት ያነሳል፤
ጥጋቡ ከጋይንት የራሱን አያት ከመቃብር ይቀሰቅሳል፤
ሁለት ሙታን ተፋጠጡ አንድ ካርቶን ላይ፣
አንዱ ጦሩን ሰብቆ፣ አንዱ ጋሻውን መክቶ፤ በመካከል የኛ ሻይ።
"ታሪክ ከፈለጋችሁ" አለች ኤርጎጌ፣ "እኔ ልንገራችሁ፤
የማዳሜ ቤት መታጠቢያው አሥራ አንድ ነው፤ ግዛቱን እንካችሁ!"

ይኼኔ ነው ቡ ራሺድ ከዘራውን እያንኳኳ የመጣ።
ሌላ ጊዜ ሰላም ብሎን ያልፋል፤ ሲጋራውን ገዝቶ ሊወጣ።
ዛሬ ግን ቆመ። መቀመጫ ጠየቀ።
የለስላሳ ሳጥን ገለበጥንለት፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።
ፊቱን በመብራት ገና ማየታችን ይሆን?
ቶሌራ "አጎቴን!" አለ፤ ጥጋቡ "የኔን እንጂ!" አለን።

እሱ በዓረብኛ፣ ነጂባ እየተቀበለች፦
"አያቴ ከናንተ አገር ናት፤ በጀልባ፣ በሌሊት መጣች።
የወተት ጥርሷ እንኳ ገና ከአፏ አልወለቀላት፤
የሉል ነጋዴ ቤት አደገች፤ 'ዛፈራን' ብለው ሰየሟት።
የፊቱን ስሟን ረሳች፤ ቋንቋውን ረሳች፤ አንዲት ቃል ቀረቻት።
ማታ በሩን ስትዘጋ ለማንም ሳይሆን ትል ነበር፦
ዳሜሎ።
ሰባ ዓመት ይዤዋለሁ። ምን ማለት ነው?"

ዳሜሎ።
ከፎቁ የኤሲው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
"የኛ ነው!" አለ ቶሌራ፤ አላመጠው፤ መልሶ "አይ... ይመስላል።"
ጥጋቡ "የድሮ አማርኛ ነው፣ ቄሶቹ ቢኖሩ ያውቁት ነበር።"
ሐይረዲን ለእናቱ ላከ፣ ስልጤ ድረስ፣ ድምፁን ቀድቶ በአየር፤
ወዲያው መለሰች እናቱ፤ ሁላችንም ሰማን፦
"አላውቀውም ልጄ። አንተ ግን ራት በልተሃል?"

ኤርጎጌ ዝም ብላ ቆይታ፣ ጥፍሯን እያየች፣
"ምናልባት ትርጉም የለውም፤ ምናልባት ስም ነው" አለች፤
"እናቴ በር ስትዘጋ ያልገባውን ልጅ ትጠራለች።"

ሽማግሌው ነጂባን አያት። ነጂባ እኛን አየች።
ያችን አልተረጎመችም።
"ደህና እደሩ ማለት ነው፣ ባባ" አለችው፣ አይኗን ሳትሰብር፤
ማናችንም አልተነፈስንም። ጥጋቡ እንኳ፣ እሱ ያ ሁሉ ክርክር!
ቡ ራሺድ ሳቀ፤ ጥርስ አልነበረውም። ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ፤
ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ፤ እጁን ወደ እኛ አነሳ፤
"ዳሜሎ!" አለን።
"ዳሜሎ" አልነው፣ አምስታችንም።

ሦስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። የማዳሜን ግቢ ገባሁ።
ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ፤ እጄ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየሁ።
ውጭ ማን ቀርቷል?
ልጆቹ ተኝተዋል፤ ጌትዬው ቴሌቪዥን ያያል።
ስልኬ ነዘረ፤ ሐይረዲን ነው፤ እንዲህ ይላል፦
"እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቃለች፤ ማንም አላወቀም።
ሽንኩርት ግን ትንሽ ቀንሷል አለች።"